እኔ የማቀብል ሰው ነኝ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሳቄ አላልቅ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ጠፋ። እማዬም «አሁንስ በዛ፣ ጎረቤት ይታዘበናል» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለባችን ዲላ ጮራ ዘንድሮ ወደ ትልቁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ አድጓል። እኔ የቡድኑ ኳስ አቀባይ ነኝ፤ እንጀራዬም ይኸው ነው። ትናንት ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታችንን ተጫወትን። በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ኳስ ነጥቄ ብቻዬን ሮጥኩ። ከፊቴ ማንም የለም። እኔና ቀለበቱ ብቻ። ሕፃን ልጅ የማይስተው ኳስ! ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩት። ኳሱ ቀለበቱ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆም ብሎ የሚያስብ መሰለ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወደቀ። ተሸነፍን።

ስንመለስ አውቶቡሱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። አለታ ወንዶ ሳንደርስ ተነሥቼ መተላለፊያው ላይ ያንን ኳስ በተግባር አሳየኋቸው። ኳሱንም ሆንኩ፣ ቀለበቱንም ሆንኩ፣ አፏን ከፍታ የቀረችውን ውዳሴን፣ ማለትም ራሴንም ሆንኩ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። አምበላችን ሥርጉት ብቻ አልሳቀችም። ዲላ ስንወርድ ትከሻዬን ይዛ፣

«ደህና ነሽ ግን?» አለችኝ።

«ከእኔ በላይ ደህና ማን አለ!»

እንቅልፍ ግን እንቢ ብሎኝ አደረ። ሐዋሳ የጠጣሁት ማኪያቶ ይሆናል።

ጥር 19፣ ሰኞ

አሰልጣኝ ደበበ ዛሬ ኳሶቹን በሙሉ ጆንያ ውስጥ ቋጥሮ ላያቸው ላይ ተቀመጠባቸው።

«ዛሬ የምትጫወቱት በአፍ ነው» አለን። «ሐዋሳ ላይ ያሸነፏችሁ እነሱ አይደሉም፣ ዝምታችሁ ነው። አንዷ ስትታለፍ ዞራ ታያለች፤ ከኋላዋ ሰው ይኑር አይኑር የሚነግራት የለም። ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ ያለችው ‹አለሁ!› ትላለች። ያላለች ሜዳውን ትዞራለች።»

ያለ ኳስ ወዲህ ወዲያ እየሮጥን «አለሁ! አለሁ! አለሁ!» ብለን ጮህን። በአጥሩ በኩል ባጃጆች ቆመው ያዩናል። አንዱ ሹፌር «ምን ጠፍቷቸው ነው?» ሲል ሌላው «ምንም አልጠፋ፣ ሁሉም አለሁ እያሉ ነው» አለው። መሬት ላይ ተንከባለልኩ በሳቅ።

ፀጋ ግን አልሆነላትም። ፀጋ ከቡሌ የመጣችው፣ ቀለበቱ ሥር የምትጫወተው ረጅሟ ልጃችን ናት። አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም። አፏን የፈታችው በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ነው። አማርኛ ስታወራ ሁላችንንም «አንተ» ትለናለች፤ እኔ በበኩሌ ስትለኝ ጠንካራ የሆንኩ ይመስለኛል። ሜዳውን ብቻዋን ስትዞር ዓይኔ እያየ አላስችል አለኝና አብሬያት ሮጥኩ።

«አንተ ለምን ትሮጣለህ?» አለችኝ። «አንተ እኮ ጮኸሃል።»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ።»

ሳቀች። ፀጋን ማሳቅ ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ በዚህ ስኩራራ ዋልኩ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

አሸነፍን! አርባ ምንጮችን፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ! አባዬ ደስ ብሎት ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወርውሮ የሌላ ሰው ኮፍያ ይዞ ተመለሰ።

ያቀበልኳቸው ኳሶች ዛሬ ቅቤ ነበሩ። ለፀጋ ከጭንቅላት በላይ፣ ለቆንጅት ወደ ጥጉ፣ ለሥርጉት በሁለት ተከላካይ መሐል። አንድም አልወረወርኩም። አላስፈለገማ! ጓደኛ ባዶ ቦታ ቆማ እያለች መወርወር ስስት ነው።

ቆንጅት ከሩቅ እየወረወረች የምታገባው የእኛ ጉድ ናት፤ ምላሷም እንደ ክንዷ አይስትም። ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ መጣችና፣

«ስሚ፣ ቀለበቱ ይነክሳል እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ አለሽ አይደል የምትነከሺው! እኔ የማቀብል ሰው ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ መልስ ነበር። እየደጋገምኩ ለራሴ አልኩት።

የካቲት 2፣ እሑድ፣ አውቶቡስ ላይ

ተሸነፍን። አዳማ። በብዙ ነጥብ ነው፣ አልጽፈውም።

መንገዱ ያንቀጠቅጠኛል፣ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ሆነ።

ተጋጣሚዎቻችን አንድ የሚገርም ነገር ያደርጋሉ፤ እኔን ማንም አይጠብቀኝም። ኳስ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ጠባቂዬ ጥላኝ ፀጋን ለመክበብ ትሄዳለች። ንቀት ነው? ወይስ አክብሮት? አክብሮት መሰለኝ።

ቆንጅት ተኝታ ታንኮራፋለች። ቀረጽኳት። ነገ ቡድኑ ሁሉ ይሰማዋል።

የካቲት 9፣ እሑድ

ዛሬ ልምምድ ላይ ፎጣዬን ረስቼ ወደ ልብስ መቀየሪያው ስመለስ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ቆንጅት ለሥርጉት ስታወራ ሰማሁ።

«አምስት ሆነን እየገባን በአራት ነው የምንጫወተው። ፈርታለች፣ ሥርጉቴ። እስከ መቼ ዝም እንላለን?»

«ራሷ እስክትናገር ብዬ ነው» አለች ሥርጉት። «ከገፋናት ትሰበራለች።»

ምስኪን ፀጋ! ስለ እሷ መሆኑ ነው እንጂ ስለ ማን ይሆናል? ‹አለሁ› ማለት ያቃታት እሷ ናት። ሰው ከኋላዋ እንዲህ ሲያወራባት ደስ አይልም። ወዲያው እጇን ይዤ ጁስ ቤት ወሰድኳት፣ ትልቁን አቮካዶ በአናናስ አዘዝኩላትና ንግግር አደረግኩ። እንዲህ ያለ ንግግር ከአፌ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

«ፀጊዬ» አልኳት፣ «መሳት እኮ ምንም አይደለም። አንድ ቀን ሳትሽ ማለት አልቆልሻል ማለት አይደለም። ሰው ሲፈራ ደግሞ ፍርሃቱን የደበቀ ይመስለዋል፤ ጓደኞቹ ግን ያዩታል። ብትነግሪን ይቀልልሻል። ለምን ብቻሽን ትሸከሚዋለሽ?»

እዚህ ላይ በራሴ አነጋገር ተነክቼ ዓይኔ እንባ ሞላ። አስተናጋጇ ሶፍት አመጣችልኝ። ፀጋ ማንኪያዋን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እሺ» አለች። «ይሄን ነገር ለአንተ ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ነው።»

«አዎ» አለች ፀጋ። «ከራስህ ነው።»

ከዚያ የእኔንም ጁስ ጠጣችው። እንደረዳኋት ይሰማኛል።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ጾም ገባ። እማዬ «ቀጥነሻል» ትላለች። ጾም ነዋ!

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሜዳ ወጣሁ። ልወረውር አልነበረም፣ ልሮጥ ነው። ኳስ የያዝኩት እጄ ባዶ ሲሆን ስለማይመቸኝ ነው። ቀለበቱ ሥር ደረስኩ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር እርጥብ ነበር። እርጥብ ቀለበት ላይ መወርወር ጥሩ አይደለም፣ ኳስ ያበላሻል። ቆሜ አየሁት። ተመለስኩ።

ትናንት በድጋሚ ተሸንፈናል። ከታች ሁለተኛ ነን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይወርዳሉ። አሰልጣኝ ደበበ ጢሙን መላጨት ትቷል። «ከመውረድ እስክትተርፉ» አለ። በዚህ አያያዙ መነኩሴ ሊሆን ነው ብዬ አሳቅኳቸው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ትናንት ፀጋ ጋ ቡሌ ሄድን! እናቷ «ጓደኞችሽን አሳዪኝ» ብለው ነው። መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረውን መንገድ በእግራችን ወጣን። ቆንጅት ነጭ ጫማ አድርጋ መጥታ ነበር፤ ስንደርስ ቀለሙ ምን እንደነበር ማንም አላስታወሰም። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁላችንም አንድ ጋቢ ውስጥ ገብተን እንደ ጆንያ ታስረን ተቀመጥን።

የፀጋ እናት እዚህ እስከ ክንዴ ናቸው። ያቺን ግንብ የወለዱት እሳቸው መሆናቸውን ለማመን ጊዜ ወሰደብን። ለእነ ፀጋ ቆጮ በሥጋ፣ ለእኛ ለጾመኞቹ ቆጮ በጎመን ለየብቻ አቀረቡ። «እናንተ ናችሁ ልጄን የምታስጮኹት?» አሉን በአማርኛ። የሚያሳዝነው እኮ አለመጮኋ ነው።

ከዚያ ጉዱ መጣ። አክስቷ ማዶ፣ ከገደሉ በታች፣ እንሰት ውስጥ ነበሩ። ፀጋ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ተጣራች። እናንተዬ! ወፍ ተነሣ። ቆንጅት ጎመኑን ደፋችው። ከማዶ አክስቷ መለሱላት፤ እሷም መልሳ ጮኸች፤ እንዲህ እየተጯጯኹ በሸለቆው ላይ ወሬያቸውን ሁሉ ጨረሱ።

ብቻችንን ስንሆን ያዝኳት።

«ይሄ ድምፅ ዲላ የት ነው የሚቀመጠው?»

«በአማርኛ ስጮህ ያጥራል» አለች። «መጀመሪያ ሰሞን አሰልጣኙን ‹አንቺ› አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ልጮህ ስል ቃሉን አስባለሁ፣ ትክክል ነው ወይ እላለሁ። ሳስብ ኳሱ ያልፋል።»

እኔም ከሳቁት መሐል ነበርኩ። ሳቄ ቅርብ ነው። ፊቴ ጋለ።

«በጌዴኡፋ ጩኺ በቃ! እኛ እንማራለና!»

አሰበች፣ አሰበች። «እሺ። እኔ ከጮህኩ አንተ ትወረውራለህ?»

«ብርዱ ጠና» አልኳት። «ወደ ውስጥ እንግባ።»

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ፀጋ ጮኸች!!! አሸነፍን!!!

ሳምንት ሙሉ አስተምራናለች። ቀኝ፣ ግራ፣ ከኋላሽ፣ አለሁ፤ ሁሉንም በጌዴኡፋ። የቆንጅት አነጋገር ፀጋን በሳቅ መሬት ላይ አስተኛት፤ ቆንጅትም «አሁን እኩል ሆንን» አለቻት። ዛሬ ፀጋ ከኋላችን ሆና ስትጣራ የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ምን እየተባለ እንዳለ ግራ ገብቷቸው ዳኛውን ያዩ ነበር። ዳኛው ግን ከዚሁ ከጌዴኦ፣ ከወናጎ ነው፣ ሁሉም ገብቶት ፈገግ ይላል! ተመልካቹ በሷ ቋንቋ መልሶ መጮህ ጀመረ። ከኋላዬ ያ ድምፅ ሲመጣ ጀርባዬ ይሞቀኛል። የምጠብቃት ልጅ አልፋኝ ብትሄድ እንኳ አልደነግጥም።

ከጨዋታው በኋላ ስጨፍር አሰልጣኝ ደበበ ጠራኝና ጎን ለጎን ትንሽ ሄድን። ያለውን ነገ እጽፈዋለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ከተጠባባቂ ወንበር እጀምራለሁ። በእኔ ፈንታ እስካሁን ተጠባባቂ የነበረችው ጥሩብርሃን ትገባለች። «አራት ተጫዋቾቼን በአምስት እየጠበቁብኝ ነው፣ ውዴ። ትንሽ እረፊ» ነው ያለኝ አሰልጣኝ ደበበ።

ጥሩ ነው። እግሬ ያርፋል።

ከወንበር ላይ ጨዋታ በደንብ ይታያል። ጥሩብርሃን ጎበዝ ናት። ውኃ የማቀብለው እኔ ነኝ፣ ማቀበል ሙያዬ አይደል!

ጥሩ ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

አንዱን አሸንፈን አንዱን ተሸነፍን። አሁንም ከታች ሁለተኛ ነን። የመጨረሻው ጨዋታ ከእኛ በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ካሉት ጋር ነው። ያሸነፈ ይቀራል፣ የተሸነፈ ይወርዳል።

ሥርጉት ልጇን ይዛ ቤት መጣች። ልጅቷ ከአባዬ ጋር ስትጫወት እኛ ደጅ ተቀመጥን። ወዲያው ስለ አሰልጣኙ ጢም ጀመርኩላት፤ ወፍ ጎጆ ሊሠራበት ነው፣ ምናምን።

«ቀልድሽን እወደዋለሁ» አለችኝ። «ያለ አንቺ ይሄን ዓመት አንችለውም ነበር። ዛሬ ግን ቀልድ ብዬ አይደለም የመጣሁት።»

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም!

«ከወለድኩ በኋላ ስመለስ» አለች፣ «ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ረጅም ጊዜ። ደብቄያለሁ ብዬ።»

«ማን አወቀ ታዲያ?»

«ሁሉም።»

የሆነ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ልጇ የአባዬን መነጽር ይዛ እየሮጠች መጣች፣ አባዬ ግድግዳ እየዳበሰ ይከተላታል፣ ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ አለፈ። ስላለፈ ደስ ብሎኛል። አይ፣ አላለኝም። ለምን አልነገርኳትም? ሞኝ ነኝ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ልጀምር።

ትናንት ሜዳው ዙሪያውን ሰው ነበር። አጥሩ ላይ ሰው፣ የባጃጅ ጣሪያ ላይ ሰው። እኔ ወንበሬ ላይ ውኃዬን ደርድሬ ተቀምጫለሁ። አራተኛውና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ትንሽ እየተመራን ነበር። ወዲያው ጥሩብርሃን አምስተኛ ፋውሏን ሠርታ በሕጉ ከጨዋታው ወጣች። አሰልጣኝ ደበበ ወደ እኔ ዞረ። ጢሙን ብቻ አሻሸ።

ገባሁ። ወዲያው ጠባቂዬ እንደ ልማዷ ጥላኝ ፀጋን ለመክበብ ሄደች። ኳሱ እጄ ላይ ነው፣ ቀለበቱ ፊት ለፊቴ ነው፣ ከፊቴ ማንም የለም። ቆንጅት ጥግ ላይ ባዶ ናት፣ ላቀብላት ዞርኩ።

ቆንጅት ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ ቆማለች!

በዚያ ጨዋታ፣ በዚያ ሰዓት! ወደ ሥርጉት ዞርኩ። ሥርጉት፣ አምበሏ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አራተኛዋም እንደዚያው። ከወንበሩ አሰልጣኝ ደበበ «ምን ሆናችሁ? ምን ሆናችሁ?» እያለ ይዘላል፤ ለእሱ እንኳ አልነገሩትም። ተጋጣሚዎቻችን ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከቀለበቱ ሥር ደግሞ ያ የቡሌ ድምፅ መጣ፣ በአማርኛ፣ ሜዳውን ሁሉ ሞልቶ፦

«አንተ! ወርውር! አለሁ!»

ወረወርኩ።

ሳትኩ። ቀለበቱን እንኳ አልነካም። አንድ ባጃጅ ላይ ያለ ሰው «ኧረ በስማም!» ሲል ሰማሁት። ፀጋ ግን ሦስት ሰው ላይ ዘላ ኳሷን አወረደቻትና፣ ማስገባት ስትችል፣ መልሳ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ወርውር!»

ሳትኩ። አሁን ብረቱን ነካ። ፀጋ አሁንም አወረደችው። አሁንም ሰጠችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ልመናም የለም። እስኪመሽ ድረስ ልታወርድልኝ የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ያኔ ሳቄ መጣ። ያ የአውቶቡሱ ሳቅ አይደለም፣ ከሆዴ ነው። እየሳቅኩ ወረወርኩት። እየሳቅኩ ገባ።

ጩኸቱን አልጽፈውም፣ አልችልም። ቀጥሎ ሌላ ሳትኩ፣ ከዚያ አንድ አገባሁ። አሁን ጠባቂዬ ጥላኝ መሄድ ተወች። አፍንጫዬ ሥር መጥታ ቆመች፣ የሰው ትንፋሽ እንዲህ ደስ ይላል? መጨረሻ ላይ እኩል ሆነን፣ ኳስ ይዤ ለመወርወር ተነሣሁ፤ የምሬን ነበር፣ ልወረውረው ነበር። ሁለት ሰው ዘለለብኝ። ፀጋ ቀለበቱ ሥር ብቻዋን ቀረች። በሁለቱ መሐል አሳለፍኩላት። አስገባችው። ፊሽካው ተነፋ።

ሊጉ ውስጥ ቀርተናል!

አሰልጣኝ ደበበ አለቀሰ፣ ጢሙ ራሰ። አባዬን ማን እንደሆኑ የማያውቃቸው ሰዎች ትከሻቸው ላይ አድርገው ሜዳውን አዞሩት። የፀጋ እናት ከቡሌ ወርደው መጥተው ኖሮ በሰው መሐል አልታዩንም፤ ድምፃቸው ግን ተሰማን። ልጃቸው የማንን ድምፅ እንደወረሰች አወቅን።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሁሉም ሲጨፍር እኔ በሩን ዘግቼ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ዝም በሉ እስቲ። የምነግራችሁ ነገር አለ።»

ላብ አጠመቀኝ። ቀልድ መጣልኝ፤ ዋጥኩት። ሌላ መጣልኝ፤ እሱንም ዋጥኩት።

«ከሐዋሳው ጨዋታ ጀምሮ» አልኩ፣ «ፈርቼ ነበር። መወርወር ፈርቼ ነበር። በእኔ ምክንያት ነው የተሸነፍነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የማቀብል ሰው ስለሆንኩ አይደለም። እንዳልስት ነው።»

ሥርጉት ወለሉን አየች። ፀጋ ቡድኑን ሁሉ አየች። መጨረሻ ላይ ቆንጅት ፎጣዋን ከፊቷ አነሣች።

«ይሄን ልትነግሪን ነው በር የዘጋሽው?» አለች። «እኔ እኮ ልታገቢ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮኼ ሳቅኩ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ግን ሳቁ መሐል ላይ ተሰነጠቀና ለቅሶ ሆነ። ከጥር ጀምሮ የተጠራቀመ ለቅሶ ነው፣ ድምፅ ያለው፣ አፍንጫ ያለው፣ የሚያሳፍር። ፀጋ ከወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አንሥታ አወረደችኝ። ሥርጉት ጫማዬን ትፈታልኝ ጀመር። ቆንጅት አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ ፎጣዋን ሰጠችኝና፣ ለአንዴ እንኳ፣ ምንም አልተናገረችም።

ብዙ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።